ያለ እኔ ትእዛዝ የተሞላው ጀሪካን

የያዙኝ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከስብሰባ ላይ ነው። የማዳበሪያው ክፍፍል ልክ አይደለም፣ ያላረሰው ወስዶ ያረሰው ቀረ ብዬ ተናገርኩ። ተቀመጪ አሉኝ። ሳልጨርስ አልቀመጥም አልኩ። ጨርሼ ስወጣ ማኪና በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ጎንደር ከተማ ዳር ካለ መጋዘን አስገቡኝ። ከሳንጃ የመጣ ሰሊጥ ይከማችበት ስለነበር ወለሉ ቅባት ቅባት ይሸታል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ስገባ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ።

በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ ካቦ አደረጉኝ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው። ሥራውን የምሠራው እንደ ቀልድ አልነበረም። በቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ በሩ ይከፈትና ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ እንወጣለን። ጊዜው አጭር ነው፤ ጠባቂዋ ሻይዋን እስክትጨርስ ብቻ። በዚያች ጊዜ የሽንት ባልዲው ይደፋል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ኩባያዎቹ ይታጠባሉ። እኔ ቆሜ አዝዛለሁ። አንቺ ባልዲውን አንሺ። አንቺ ቧንቧውን ክፈቺ። አንቺ ያዢ፣ አሁን ዝጊ። ባልዲውን አንዷ ሁለቴ እንዳትሸከም ተራውን በጭንቅላቴ ይዣለሁ። ማንም አድልተሻል ብሎኝ አያውቅም።

ከግራና ከቀኜ ሁለት ልጆች ነበሩ። በግራዬ ያለችው ድረ ገጽ መሥራት ሙያዋ ነው። እሷ በሠራችው ገጽ ላይ ሌሎች በጻፉት ነገር ነው የያዟት። በቀኜ ያለችው የከተማው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ሙስሊም። ለአባቷ ሱቅ ገጽ ለመሥራት የኮምፒዩተር ቋንቋ ስትማር ቆይታለች። ለምን እንደያዟት የነገራት የለም። ታይፎይድ ታማለች፤ ክኒኑ ከቤቷ ገብቶላታል፣ ውሃው ግን ከጀሪካኑ ነው። የግራዋ አስተማሪ፣ የቀኟ ተማሪ ሆኑና እኔ መሃል ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ክላስ፣ ኦብጀክት፣ ፕራይቬት ሲባባሉ ከጭንቅላቴ በላይ ይወራወራሉ። ቦታ እንቀያየር ብላቸው አስተማሪዋ የጥጉ ግድግዳ እኔ ጋ ነው አለች፤ በሳሙና ስባሪ የምትጽፈው እዚያ ላይ ነው።

«እስካሁን የተማርሽው ከላይ ወደ ታች ነው» ትላታለች። «ይህን አድርግ፣ ቀጥለህ ያን አድርግ። ዕቃው መሃል ተዘርግፏል፣ ማንም ያነሳዋል። አሁን እያንዳንዱ ነገር፣ ኦብጀክት የምልሽ፣ የራሱን ዕቃ ራሱ ይይዛል፣ ሥራውንም ራሱ ያውቃል። አንቺ መጠየቅ ብቻ ነው።»

«የድሮው ምን አጎደለ? የአባቴ ሱቅ ገጽ ይከፈታል፣ ጨርቁ ይታያል።»

«ሱቁ ሁለት ሲሆንስ?»

«ያንኑ ገጽ እገለብጠዋለሁ።»

«ሦስት ሲሆንስ?»

«አባቴን አታውቂውም። ሦስት አይከፍትም።»

እኔም ሰለቸኝ። «ምነው ልጄ፣ የሚሠራ ነገር ለምን ትነካኪባታለሽ? ታማለች፣ ተያት።»

አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ የድሮው መንገድ ማለት እርስዎ ነዎት።»

«ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ጠዋት ጠዋት ሁሉ ነገር ከእርስዎ አፍ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ባይኖሩ ቀጥ ይላል።»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ታስሬ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሰው ልጅ ደክሞ ፍትሕ ሲያስጠብቅ የኮምፒዩተር ምሳሌ ሲያደርጉት ምን ያስቃል?

በማግስቱ በሩ እንደተከፈተ ለምርመራ ጠሩኝ። ስመለስ ጀሪካኑ ባዶውን ተጋድሟል። ባልዲው የማን ተራ እንደሆነ ሲጨቃጨቁ የጠባቂዋ ሻይ አልቋል። ተማሪዋ ክኒኗን በደረቁ ልትውጥ ብትሞክር ትን ብሏት ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው? እጅ የላችሁም?» አልኳቸው።

«ተራው በእርስዎ ራስ ነው ያለው እማማ» አለች አንዷ።

አስተማሪዋ የተማሪዋን ጀርባ መታ መታ ታደርጋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ጥፋተኛው በውሃ ሰዓት ሰው የሚጠራው መርማሪ ነው። ግን ጥፋተኛውን ማወቅ የልጅቱን ጉሮሮ አያረጥብም።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አልኳት አስተማሪዋን። «ያንቺ መንገድ እንዴት ነው የሚያደርገው?»

ነገረችኝ። ጀሪካኑን የያዘች ጀሪካኑን ታውቃለች፤ ሲጎድል ትሞላለች፣ ስትጠየቅ ትቀዳለች፣ ለበሽተኛ ቀድማ። ባልዲውን የያዘች ደፍታ አጥባ፣ ለነገ በቀኟ ላለችው ታስረክባለች። አንዷ በሌላዋ ሥራ እጇን አትሰድም፤ ፕራይቬት የምትለው ይህንኑ ነው።

«ሁሉም በየራሱ ካወቀ ፍርዱን ማን ያያል?» አልኩ። «ጀሪካኑን የያዘችው ለጓደኛዋ ብታደላስ?»

«በእኩል ስጪ የሚለው ደንብ ከመጀመሪያው አብሯት ነው የሚሠራው። ከላይ ቆሞ የሚነግራት አያስፈልግም።»

«ተጠይቃ ባትሰጥስ?»

«ያኔ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

«እሱማ ቀበሌያችን ነው» አልኳት።

ተማሪዋ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ቀጥላም፣ ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «አሁን ገባኝ መሰለኝ። ጨርቁ ዋጋውን ራሱ ይይዛል፣ ሱቁ ይጠይቀዋል» አለች። አስተማሪዋ ሳሙናዋን ይዛ ተነሳች፤ እኔ ጆሮዬን ይዤ ተኛሁ።

የሥራ ምድቡን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። ማን ምን እንደሚይዝ ሲወስኑ አፌን ለመያዝ የከፈልኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ጀሪካኑን የሰጡት ከዛሪማ ለመጣች አንዲት ሴት ነው፤ ነገር ሲነግሯት ቀና የማትል። ይህችማ ትረሳዋለች አልኩ በሆዴ።

በሚቀጥለው ጠዋት በሩ ሲከፈት እንደገና ተጠራሁ። መርማሪው የሚቀመጠው ቧንቧው አጠገብ ባለች ክፍል ነው። ወጣት ነው፣ ጫማው የተወለወለ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ክፍላችሁ ውስጥ በሚስጥር ቃል ይወራል አሉ። ፕራይቬት ምንድን ነው?»

«የጀሪካን ነገር ነው።»

«ኦብጀክትስ?»

«እሱም የጀሪካን።»

ከዚህ በኋላ እርስዎ ማለቱን ተወው። «ትቀልጃለሽ? ማን ነች የምታስተምራቸው?»

«የኮምፒዩተር ትምህርት ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ከዚህ በላይ ብጠየቅ አላውቅም።»

በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ያለ አንቺ ትእዛዝ ንቅንቅ እንደማይሉ ሰምቻለሁ። የታመመች ልጅ አለች አይደል? የአስተማሪዋን ስም ስትነግሪኝ ወጥተሽ ውሃውን ታዣቸዋለሽ። እስከዚያ እዚሁ ነን።»

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ስም ብሰጥ አንዷን ልጅ ይወስዷታል። ባልሰጥ ሌላዋ ስትደርቅ ትውላለች። ከውጭ የሚሰማው የጠባቂዋ ብርጭቆና ማንኪያ ብቻ ነበር። የዛሪማዋን ሴት ጎንበስ ያለ አንገት እያሰብኩ በውስጤ እጮህባት ጀመር። ተነሽ፣ ቧንቧውን ክፈቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?

ከዚያ ውሃው የጀሪካኑን ቂጥ ሲመታ ሰማሁ። መጀመሪያ ባዶ ባዶ ይላል፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። እስከ አፉ ሞላ፤ ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። ያዘዘ አልነበረም። መርማሪውም ሰምቷል፤ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ።

«ማን አዘዛቸው?»

«እኔ እዚህ ነኝ ልጄ» አልኩት።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ያው የማዳበሪያውን ነገር ጠየቀኝ፤ ያው መለስኩለት፣ ከስብሰባው ላይ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ስም አላወጣሁም።

ስመለስ ተማሪዋ ክኒኗን ውጣ ተኝታለች። የዛሪማዋ ሴት ከዳር ጀምራ እየቀዳች ነው፤ ዘግይቼ ስለገባሁ እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ኩባያዎቹ በቅጡ እንዳልታጠቡ ከሩቅ ይታየኛል። አቀዳዷም ያስጨንቃል፤ ወለሉ ላይ ታንጠባጥባለች። አንዷ ቦታ ለቀቀችና «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለችኝ። ተራዬን እጠብቃለሁ አልኳት። ነጠላዬን አስተካክዬ ከመጨረሻዋ ሴት ቀጥሎ ተቀመጥኩ። እስክትደርሰኝ አንድ ቃል አልተናገርኩም። በዚያ መጋዘን ውስጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

አሁን ቤቴ ነኝ። ሁላችንም በየተራ ተለቀቅን፤ ለምን እንደያዙን በወጉ እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። ተማሪዋ የአባቷን ሱቅ ገጽ እንደ አዲስ ሠርታ በልጄ ስልክ አሳይታኛለች፤ ከውጭ ሲያዩት ከበፊቱ ምኑ እንደተለየ አልገባኝም፤ ነገርኳትም። ለውጡ ከውስጥ ነው እማማ አለችኝ። ምራቶቼ ደግሞ እስር ቤት አለዘበሽ ይሉኛል። አልለዘብኩም። ጎተራው ክፍት ሆኖ ሳይ፣ ላሟ ሳትታለብ ሲረፍድ፣ ዛሬም ምላሴን ይበላኛል። አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ከመጮኼ በፊት ቆም ብዬ ጆሮ እሰጣለሁ።