እትዬ አጸደ ያልሰረዙት ስም

ከመገናኛ ከፍ ብሎ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍልን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት መምህርት አጸደ ባለፈው ማክሰኞ ገርጂ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ዜናውን ያመጡልኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቶላ ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ። የሚገዙት ነገር አልነበረም። «እትዬ አጸደ ትናንት ዐረፉ» አሉኝና ተመለሱ። እኔም እመዝነው የነበረውን ስኳር ትቼ ተቀመጥኩ።

በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የተወለዱበት አገር፣ ያገለገሉበት ዘመን፣ ታታሪነታቸው ተነግሯል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ የማውቀው ግን አልተነበበም፤ በቀብር ላይ የሚነበብ ነገርም አይደለም። ልጆቻችሁን በእጃቸው ያሳለፋችሁ ሁሉ ልታውቁት ይገባል ብዬ ስለማምን፣ የእኔም ጥፋት ስላለበት፣ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

እትዬ አጸደ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ዘጠና ከሚበልጡ ልጆች ፊት ቆመው ለሹክሹክታ በቀረበ ድምፅ ያስተምሩ ነበር፤ ልጆቹም እንዳያመልጣቸው ብለው ዝም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት በትንሽ ሳፋ ውኃ ይዘው ከክፍሉ በር አጠገብ ይቆማሉ። ፊቱን ሳይታጠብ የመጣ ልጅ ሲያዩ ሌሎቹ እንዳይስቁበት በነጠላቸው ከለል አድርገው በገዛ እጃቸው ያጥቡታል። ዩኒፎርሙ የተቀደደበትን ልጅ ቦርሳቸው ውስጥ በማይጠፋው መርፌና ክር ሳያስወልቁት ይሰፉለታል።

እኔ ከወሎ መጥቼ መገናኛ ሱቅ የከፈትኩ ሰው ነኝ። ትልቋ ልጄ ሐያት አንደኛ ክፍልን በጭንቅ አልፋ ነው እጃቸው የገባችው። መስከረም ሳያልቅ ሱቄ ድረስ መጡ። «አቶ ሰዒድ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም» አሉኝ። «አታይም።» ሱቁን ትቼ መሄድ እንደማልችል ስነግራቸው የራሳቸውን የዕረፍት ቀን ሰውተው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐያት መነጽር አድርጋ ስትመለስ ከመንገድ ማዶ ያለውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። እናቷ ዘይነባ ያን ዕለት አለቀሰች። እትዬ አጸደም ልጄን ፊት ዴስክ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጧት።

ዘመኑ መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ቦሌ ውስጥ የሰው መኖሪያ የነበሩ ቪላዎች አንድ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እየሆኑ፣ አጥራቸው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ እየተሣለባቸው ነበር። በሰፈራችን ወሬው ሁሉ ማን ልጁን የት አስገባ ሆነ። በዓመቱ አጋማሽ ከእትዬ አጸደ ክፍል ስድስት ልጆች ወጥተው ወደዚያ ሄደዋል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ልጄ እንግሊዝኛ ስትናገር ለመስማት ጓጓሁ። ዘይነባ ግን አልተዋጠላትም። «ገና አሁን ዓይኗ በራ፤ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። እኔ የጣሪያውን ማፍሰስ፣ በአንድ ዴስክ አራት ሆኖ መቀመጡን፣ በር የሌለውን ሽንት ቤት ቆጠርኩላት። ደግሞም መምህሯ የዚህ ዓመት ብቻ ናቸው፣ የሚቀጥለውን ማን ያውቃል አልኳት። ሁለታችንም ልክ ነበርን። በመጨረሻ እኔ ወሰንኩ።

መሸኛ ለመጠየቅ ስሄድ እትዬ አጸደ አልተቆጡም። የሚሻላትን አባቷ ያውቃል አሉ፤ ስለ መነጽሯ ለአዲሷ መምህር እንድነግር አሳሰቡኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ «ስሟን ግን ዛሬውኑ እንድሰርዘው አይጠይቁኝ» አሉ። ከፍቅር የመጣ አነጋገር መሰለኝ። ስለ መነጽሩ መንገሩንም ረሳሁት።

አዲሱ ትምህርት ቤት ከኤርፖርቱ መንገድ ገባ ብሎ የነበረ ሰፊ ቪላ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት መምህሯ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል። ሐያት ጨዋና ዝምተኛ ልጅ እንደሆነች ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር እንዳስቸገራት አወራችኝ። ልጅቷ በየጠዋቱ ማንም ሳይጠራት ብድግ ትልና «አቤት» ትላለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀመጣለች። ሚስ ሰዓቷን ማየት ጀምራለች፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው።

ሐኪም ጆሮዋን አየ፤ ጤነኛ ነው አለ። ዘይነባ ሼኹ ዘንድ ወስዳ ቁርኣን አስቀራችባት። እኔ በበኩሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ አጠገቤ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ማነው የሚጠራሽ?»

«እትዬ አጸደ ናቸው።»

«የት ሆነው?»

«ከኋላዬ» አለችኝ። አልፈራችም። የፈራሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ልጄን ቦሌ አድርሼ፣ የብረቱ በር ሲዘጋባት አይቼ፣ ታክሲ ይዤ ወደ መገናኛ ተመለስኩና ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ወጣሁ። የበልግ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ስለነበር ጉም መሬት ላይ ተኝቷል። ከሜዳው ማዶ ያሉት ክፍሎች አይታዩም፤ የልጆቹ ድምፅ ግን ከዚያ ነጭ ውስጥ ይመጣ ነበር። በድምፁ እየተመራሁ ሄጄ መስታወቱ በረገፈው መስኮት ጎን ቆምኩ። እትዬ አጸደ መዝገባቸውን ይዘው ስም እየጠሩ ነው። ልጆቹ በየዴስኩ አራት አራት ሆነው ተጣበዋል። ፊት ለፊት ከግድግዳው ጥግ ባለው ዴስክ ላይ ግን ሦስት ነበሩ፤ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ነው።

«ሐያት ሰዒድ» አሉ እትዬ አጸደ።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር።

«አቤት።»

የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ «አ»ዋን ትንሽ ትጎትታታለች። የመጣው ከክፍቱ ቦታ ነው። አንድም ልጅ ዞር ብሎ አላየም። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ፣ ሰው ሲነሣ ቦታ እንደሚለቀቅለት፣ ክርኗን ሰብሰብ አደረገች። እትዬ አጸደ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረጉና ቀጠሉ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንደሄዱ የማውቃቸውን ልጆችም ጠሩ። ከስድስቱ ሁለቱ መለሱ። የአራቱን መልስ እትዬ አጸደ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም።

ከመስኮቱ እንዴት እንደሸሸሁ አላስታውስም። በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። የሰማሁትን ብናገር ማን ያምነኛል? መምህርቷ የለቀቀች ልጄን እንዳለች አድርገው ይመዘግባሉ፣ ስሟ ይሰረዝልኝ ብቻ አልኩ። ዳይሬክተሩ ቀድሞም ጉዳዩን ሰምቶ ኖሮ ማስረጃ ሲፈልግ ነበር የቆየው። ወረቀት አቀረበልኝ፤ በማመልከቻ መልክ ጽፌ ፈረምኩ። በዚያው ሳምንት የሐያት ስም ከመዝገቡ ተሰረዘ፤ እትዬ አጸደም ከክፍል ተነሥተው የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ተመደቡ። ሃያ አንድ ዓመት ያስተማሩ ሴት በእኔ ፊርማ አሮጌ መጽሐፍ ቆጣሪ ሆኑ።

ሐያትም ቦሌ መነሣቷን ተወች። ሚስ ደስ አላት፤ እኔም እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ከአራት ቀን አልበለጠም። አምስተኛው ቀን ላይ ዘይነባ ልጅቷን ለምሳ ጠራቻት፤ አልመጣችም። ደግማ ጠራቻት። ሐያት ከእናቷ ሦስት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ደብተሯን ትገልጥ ነበር። ትከሻዋን ሲነኳት ቀና ትላለች፣ ሲያወሯት ትሰማለች፣ ትመልሳለች። ስሟ ሲጠራ ብቻ አትሰማም። ስሟን እኔም ጠራሁ፣ ታናሽ እኅቴም ጠራች። ፊቷ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም፤ የሌላ ሰው ስም የሰማች ያህል እንኳ አይደለም።

የዚያኑ ቀን ዘይነባ ቦርሳዋን ፈተሸች። መነጽሩ ከታች በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል። ልጆቹ ስለሣቁባት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰሌዳው ሳይታያት፣ ጨዋና ዝምተኛ ስትባል ከርማለች። ዘይነባ መነጽሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ አጸደን ግምጃ ቤት ውስጥ በአቧራ መካከል አገኘኋቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጨበጡኝ። የመስኮቱንም፣ የቤቱንም ሁሉ ነገርኳቸው። አልተደነቁም።

«ልጆቹን የምጠራው እንዲመለሱ ብዬ አይደለም፣ አቶ ሰዒድ» አሉኝ። «አዲሱ ቦታ የተመቸው ልጅ ከወር በኋላ «አቤት» ማለቱን ይተዋል። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ እሰርዘዋለሁ። የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ ባለፈው ሰረዝኩት፤ እዚያ ጎበዝ ሆኗል አሉ። የእርስዎ ልጅ ግን አልተወችም። እየመለሰችልኝ እንዴት ልሰርዛት?»

አሁን ለማንም እንደማትመልስ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። መጽሐፎቹን እንዳሉ ትተው ተነሡ።

በታክሲ ቦሌ ወረድን። ከቪላው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ጮክ ብለው ይጣራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አውሮፕላን ከራሳችን በላይ እያለፈ ነበር፤ አጠገባቸው ቆሜ እንኳ የሰማሁት በግድ ነው። ክፍል ውስጥ እንደሚሉት፣ በዚያው ድምፅ፣ «ሐያት ሰዒድ» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ጥቂት ቆይቶ የብረቱ በር ተከፈተ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ዘበኛው ከኋላዋ ማን ፈቀደላት እያለ ይከተላል፤ ሚስም እየሮጠች ደረሰች። ሐያት ትምህርት መሐል ብድግ ብላ፣ ደብተሮቿን ሰብስባ፣ ይቅርታ ጠይቃ ነው የወጣችው። መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች። እትዬ አጸደ እጇን ያዙ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ «ሐያት» አልኩ።

«አቤት፣ አባዬ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ልጄን ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ መለስኩ፤ ማመልከቻዬን ሳብኩ። ዳይሬክተሩ እሺ አላለኝም። ዘይነባ ከወላጅ ወላጅ ዞራ ሥልሳ የሚሆኑ ሰዎች አስፈረመች፤ ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛወሩ እንኳ ነበሩባቸው። ከፋሲካ በኋላ እትዬ አጸደ ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ አምስት ዓመት አስተማሩበት። በመስኮት የሰማሁት ምን እንደነበረ እስከዛሬ አላውቅም። ጠይቄያቸው ነበር። «እኔ መጥራቱን ነው የማውቀው» ከማለት በቀር አልነገሩኝም።

እትዬ አጸደ፣ ያችን ወረቀት መፈረሜን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ሱቄ መጥተው ጠመኔ ሲገዙ ስለ ሐያት ይጠይቁኛል፤ እኔም ይቅርታ ልል አፌ ላይ እየደረሰ በሌላ ወሬ እሸፍነዋለሁ። ነገ እያልኩ አምስት ዓመት ሄደ። አሁን በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ሐያት ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ታናሿ ኢክራም ደግሞ በመጪው መስከረም ትምህርት ትጀምራለች። ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ሄጄ አየሁ፤ የእናንተ ጣሪያ ተጠግኗል፣ የቦሌውም ጥሩ ጥሩ አስተማሪ ቀጥሯል። ዘይነባ የቱ ይሁን ብላ ትጠይቀኛለች። ልጅቷን ይዤ ቤትዎ ልመጣና አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ነበር ሐሳቤ። አልደረስኩም። እንግዲህ እዚያም ሆነ እዚህ ባስገባት በየቀኑ ፊቷን የማየው እኔ ነኝ፤ እንደ እርስዎ አይሆንልኝም፣ ግን ዓይኔን ከእርሷ ላይ አላነሣም። በሰላም ይረፉ፣ እትዬ።