ማዕረግ ለብቻው፣ ስም ለብቻው

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ እጽፋለሁ። ደንበኛ በጠፋ ሰዓት ደግሞ ግጥም። አንድ ቦታ መርጋት አልወድም፤ ሥራውን ልልቀቅ ያላልኩበት ወር የለም። እስካሁን ያቆየኝ ከአጠገቤ የምትሠራው ልጅ የጣቶች ድምፅ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ልጅቱ ከቤይሩት የተመለሰች ናት። እዚያ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ኋላ አሠሪዋ ወደ ዕቃ መደብሩ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጣት። የመደብሩ ማውስ ብልሹ ስለነበር ሁሉን በቁልፍ መሥራት ለመደች። ዛሬ ደኅና ማውስ ፊቷ ተቀምጦ አትነካውም። እኔ የአንድ ረጅም ሰንጠረዥ ታች ለመድረስ እያንከባለልኩ ስወርድ፣ እሷ ኮንትሮልን ይዛ የታች ቀስቱን አንዴ ትጫናለች፤ መጨረሻው መስመር ላይ ናት። ዓይኔን ሳላነሳ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ የምትሠራውን ማወቅ ጀምሬ ነበር፦ ምረጥ፣ ቅዳ፣ ውረድ፣ ለጥፍ። ቤት የሚመታ ነገር ነበረው።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖሩ የድንች አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር መጡ። ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«የአባላት ስም ነው» አሉ። «ነገ የዘር ድንች የጫነ መኪና ይገባል፤ በዚህ እየጠራን ነው የምናድለው።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?» አለች ልጅቱ።

«ተራው ነዋ! አምና በፊደል ተራ ይሁን ብለን አጻፍን። ሲጠራ መሪጌቶቹ ከፊት፣ ቀጥሎ ሼሁ፣ ቀጥሎ ቄሶቹ፣ ከዚያ አቶ፣ አቶ፣ አቶ። ወይዘሮዎቹ ዘንድ ሲደርስ የቀረው የበሰበሰና ጠጠር የሚያህል ነው። ሴቶቹ ‹ዘንድሮም መጨረሻ ከሆንን ከማኅበሩ እንወጣለን› ብለዋል። የሚወጡም ናቸው።»

ከፍታ አየችው፤ ሳቀች። ማዕረጉና ስሙ አንድ ሳጥን ውስጥ ተጽፈዋል። ኮምፒውተሩ ስም ከየት እንደሚጀምር በምን ይወቅ? በ«መ»፣ በ«ሸ»፣ በ«ቀ»፣ በ«አ»፣ በ«ወ» አሰለፋቸው። ፊደሉ ራሱ ድግስ ቤት ሰው የሚያስቀምጥ አሳላፊ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ዲያቆናቱስ?» አልኩ።

«ከሴቶቹም በታች። እነሱማ አፍረው ዝም አሉ።»

«ማዕረጉን አጥፍተን በስም ብቻ ብንደረድረውስ?»

ሊቀ መንበሩ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ? ቄሱን በሰው ፊት በባዶ ስማቸው ልጥራ? ከዚያስ ድንቹ ይቅርብኝ!»

«አይጠፋም አባባ፤ ይታገሡኝ» አለች።

የእያንዳንዱ ጎጥ ስም ዝርዝር በየራሱ ገጽ ላይ ነበር። ማክሮ ልትቀዳ ወሰነች። «አንዴ የሠራሁትን አይቶ ይይዝልኛል፤ ከዚያ በአንድ ቁልፍ ይደግመዋል» ብላ አስረዳቻቸው። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ገብታ «ቄስ» የሚለውን ቆርጣ ወደ ጎን ስታወጣ ማክሮው ቀዳው፤ እስከ ታች ለቀቀችው። ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስም ተሞላ። ማክሮው የያዘው እንዴት እንደ ቆረጠች ሳይሆን እዚያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን ስም ራሱን ኖሯል። ጎጡ በሙሉ አንድ ቄስ ሆነ።

«እንዴ!» አሉ ሊቀ መንበሩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው። «ዘሩን ሁሉ እኒህ ቄስ ጠቀለሉት?»

«አባ እርሻቸው ሰፊ ነው መሰል» አልኩ።

«ዝም በል፣ አንተ ገጣሚ!» ጆሮዋ ቀልቷል። ማክሮ ያበላሸውን ወደ ኋላ መመለሻው ቁልፍ አያስተካክለውም። ሳታስቀምጥ ዘጋችውና እንደገና ከፈተችው። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ለጁምዓ ሶላት ሊዘጋ በሩ ላይ ቁልፍ ማንቃጨል ጀምሯል።

በሁለተኛው ሙከራ ስሞቹን አልነካችም። ዓምዱን በሙሉ መረጠችና ክፍት ቦታው ላይ እንዲከፈል አዘዘችው፤ ማዕረግ ለብቻው፣ ስም ለብቻው። ያንን ቀዳች። በሚቀጥለው ጎጥ ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ እጇ ከቁልፎቹ አልተነሳም፦ ቀጣይ ገጽ፣ ማክሮ፣ በስም ደርድር፤ ቀጣይ ገጽ፣ ማክሮ፣ በስም ደርድር። ሊቀ መንበሩ ከትከሻዋ በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። እኔም ቆሜ ቀረሁ። አንዴ በትክክል የተባለ ነገር፣ በየትም ስም ላይ ቢደገም እንዲሠራ፤ በግጥም ስለፋ የኖርኩት ለዚህ አልነበር?

ወረቀቱ ሲወጣ ሊቀ መንበሩ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «ማዕረጉ አለ» አሉ፣ እንደመገረም ብለው።

«የራሱን ወንበር ሰጠሁት እንጂ መች አባረርኩት» አለች።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ማኅበሩ ግቢ ወጣሁ። በቅሎዎች አጥሩ ሥር ታስረዋል። ወንዶቹ መኪናውን ከበው ቆመዋል፤ ሴቶቹ እንደለመዱት ከኋላ፣ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ የመጀመሪያውን ጎጥ ጠርተው «ወይዘሮ» ብለው ጀመሩና ስሟን እስከ አባቷ ጠሩ። ማንም አልተነሳም። ደግመው ጠሩ።

«እኔን ነው?» አለች አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ከግንቡ ሥር።

«በዚህ ስም ሌላ ማን አለ? ነይ እንጂ!»

ከፊት የቆሙ አንድ ቄስ ዞር አሉ። «ተነሽ ልጄ፣ ብርድ ላይ አታቁሚን።» ትናንት ጎጡን ሁሉ የሆኑት እሳቸው ይሆኑ እያልኩ ሳቄን ዋጥኩ።

ሴትዮዋ አቧራዋን አራግፋ በሰዉ መሀል አለፈች። የሰጧትን ጆንያ አልተቀበለችም። አፉን ፈታ እጇን እስከ ክንዷ ከተተች፤ ከሥር አንድ ድንች አወጣች፤ ቡቃያውን በጣቷ ነካካች። ዘጋችው። ሌላውን ፈታች። ከኋላዋ ሰልፉ ቆሟል፤ የሚያጣድፋት አልነበረም።

«ይሄኛው ይሁንልኝ» አለች።