ወደ ላይ የሚከፈተው በር

ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለው ቤታችን ጋራዥ ድሮ ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር ነበረው። አባታችን በሕይወት እያለ ያሠራው፣ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ራሱ ቀለም የሚቀባው በር ነው። ሲከፈት ይጮኻል፣ ግን ይከፈታል። መኪና ሲመጣ አንዳችን ወጥተን እንከፍታለን፣ ሲገባ እንዘጋለን። ስለ በር ከዚህ ያለፈ ወሬ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

አባታችን ከሞተ በኋላ ሦስት ቀረን፤ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። እኔ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ወንድሜ ከዱባይ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ያስመጣል። ያን ጊዜ ንግዱ ገና ተከፍቶ፣ ቦሌ በየቀኑ አዲስ አጥር፣ አዲስ ሳተላይት ዲሽ የሚታይባት ሰፈር ሆና ነበር። አንድ እሑድ ወንድሜ ገርጂ የሚኖር ደንበኛው ጋ ምሳ ተጋብዞ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ገባ።

"ሰውየው ከመኪናው ሳይወርድ በሩ ተከፈተ!" አለን። "ሪሞቱን ጫን ሲያደርገው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።"

"ወደ ላይ የት ነው የሚሄደው?" አለች እናቴ።

"ኮርኒሱ ሥር ይተኛል እማዬ።"

"ጉድ ነው" አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ራታችንን የምንበላው የበር ካታሎግ ፊት ነበር። ወንድሜ ወጥ የነካ ጣቱን እየላሰ ገጽ ይገልጣል። ነጩ ይሻላል ወይስ እንጨት የሚመስለው? መስኮት ይኑረው ወይስ ድፍን ይሁን? መልስ ሳንሰጠው ራሱ ይመልሳል። ኦሎምፒያ ሱቅ ያለው የበር ሻጭም ቤታችን መመላለስ ጀመረ። ሽቶው እሱ ከሄደ በኋላ ሶፋው ላይ ያድራል። እናቴን "ማሚ" ይላታል። አንድ ቀን የአባታችንን በር በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ፣ "ይሄማ የከብት በረት ነው" አለ። ወንድሜ አብሮት ሳቀ። እናቴ ቆማ ትሰማ ነበር።

በመጨረሻ እንጨት የሚመስለው፣ ድፍኑ ተመረጠ። ሠራተኞቹ መጥተው አሮጌውን በር ነቀሉት። ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ ሲያፈርሱ የአይጥ ጎጆ ዱብ አለ፤ ጨርቅ፣ ላባ፣ የደረቁ የአይጥ ግልገሎች። ሽታው መመገቢያ ክፍላችን ድረስ ገባ። ወንድሜ በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ፣ "ይሄን ነገር ጥረጉልኝ" ብሎን ወጣ። እኔና እናቴ በበረኪና ስናጥብ ዋልን።

በማግሥቱ ሐዲዱ ታሰረ፣ ሞተሩ ኮርኒሱ ሥር ተሰቀለ። የገጠመው ሰው ከሞተሩ ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ገመድ አሳየን። መብራት ሲጠፋ እሷን ስንጎትት በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል፣ ከዚያ በእጅ ማንሳት ነው። ሻጩ ግን ወንድሜን ወደ ጎን ወሰደው። ሌቦች በበሩ ክፍተት ሽቦ አስገብተው ገመዷን እንደሚስቧት ነገረው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ገመዷን አስቆረጠ። ማላቀቂያውንም በቦልት አስጠበቀው።

"መብራት ሲጠፋስ?" አለች እናቴ።

"ማሚ ደግሞ! ቦሌ እኮ ነው" አለ ሻጩ።

ለበሩ ድግስ ተደገሰ። አዎ፣ ለበሩ። በግ ታርዶ ጎረቤት ተጠራ። አዲስ የሞተር ዘይትና የበግ ጮማ የሚሸትበት ጋራዥ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ወንድሜ ሪሞቱን ይዞ መሐል ቆመ። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። አፋቸውን ጮማ የሞላው ሰዎች አጨበጨቡ። አንዷ እልል አለች። አጠገባችን የሚኖሩት የወሎ ሰዎችም አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዘው መጥተው ነበር። ባልየው የጨርቅ ሱቅ አለው፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ሙስሊሞች በመሆናቸው ሥጋውን ስለማይበሉ እናቴ ለብቻ የጾም አቀረበችላቸው። ሚስትየዋ በሩን አይታ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ "ሲወርድ ሰው አይመታም?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው መብራት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የውጭ በራችን በኃይል ተንኳኳ። ባለ ጨርቅ ሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል።

"ባለቤቴን ምጥ ይዟታል" አለው ወንድሜን። "ደም እየፈሰሳት ነው። በመኪናህ አድርስልኝ።"

ወንድሜ ቁልፉን አንሥቶ ሮጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ኮራሁበት። ተከትለነው ጋራዥ ገባን። ሪሞቱን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

"መብራት የለም እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ!" አለና ደግሞ ተጫነ።

ጎረቤታችን ቀና ብሎ ሞተሩን አየ። "መፍቻ አለህ? ቦልቱን ልፍታው።"

"አይ፣ አይነካም" አለ ወንድሜ። "ሌላ ሰው ከነካው ዋስትናው ይቀራል። ትንሽ እንጠብቅ፣ መብራቱ አይቆይም።"

እናቴ ወጣች። ስትመለስ እንጨት የምንፈልጥበትን መጥረቢያ ይዛ ነበር። ለወንድሜ ዘረጋችለት።

"ስበረው" አለችው።

"እማዬ፣ የጣሊያን ዕቃ ነው!"

"ስበረው አልኩህ!"

አልተቀበላትም። ይልቅ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ በአንዱ እጁ ሪሞቱን እንደያዘ። ከመጥረቢያው በሩን እየጠበቀ ነው። ከንፈሩ ላይ ምራቅ ነበር። ወንድሜን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገላውን ማየት አስጠልቶኝ አያውቅም።

"ይተዉት እማማ፣ ጊዜ የለንም" አለ ጎረቤታችን ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት።

አስፋልቱ ላይ ያገኘነው ሚኒባስ ሰው ሞልቶ ነበር። ረዳቱ ነገሩን ሲሰማ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ "ወገን፣ የምታምጥ ሴት አለች፣ ውረዱልን" አለ። በዚያ ዝናብ ያጉረመረመ አልነበረም። ሾፌሩ ጭቃውን እየቀዘፈ ቅያሳችን ድረስ ገባልን። ሚስቱን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ደሙና ናፍጣው አንድ ላይ ሸተተኝ።

"የወንድምሽ መኪና ምን ሆነ?" አለችኝ ጥርሷን ነክሳ።

"ተበላሽቶ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶች ተቀበሏት። ደም ተሰጣት። ሲመሻሽ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ባልየው ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቤት ስደርስ መብራቱ መጥቷል። ቀሚሴ ላይ ደሙ ደርቋል። ወንድሜ ጋራዡ ውስጥ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"አየሽ?" አለኝ። "እናንተ እንደሄዳችሁ መጣ። ትንሽ ብትታገሡ ኖሮ እኔው አደርሳት ነበር።"

"ሴትዮዋስ?" ያለችኝ እናቴ ናት፣ ከኋላው። ለእሷ መልስ ሰጥቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩና አስመለሰኝ።

አራሷን ልንጠይቅ ስንሄድ ወንድሜም የሕፃን ልብስ ይዞ መጣ። ገንፎው ቀርቦ፣ ሕፃኗ በየተራ እየታቀፈች፣ እሱ ስለ በሩ ማብራራት ጀመረ። ቀይዋን ገመድ መልሶ ማስገጠሙን፣ ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋ ችግር እንደሌለ በዝርዝር ተናገረ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣውም። ጎረቤታችን አንገቱን ደፍቶ ሲሰማው ቆየ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ በመጨረሻ። "ዋናው በሩ መዳኑ ነው።"

ወንድሜ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ከወንድሜ ጋር አንድ ትሪ ላይ መቅረብ አቃተኝ። ጣቶቹ እንጀራውን ሲቆርሱ አያለሁ፣ ያቅለሸልሸኛል። ለወራት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዕቃዬን ስሸክፍ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለበር ብለሽ ከወንድምሽ ልትለይ ነው?" አለችኝ።

"ለበሩ ብዬ አይደለም እማዬ።"

ተነሥታ ትልቁን ሻንጣ አነሣች፤ እኔ ልቀበላት ብል እንቢ ብላኝ፣ ታክሲው ድረስ ራሷ ይዛልኝ ሄደች።