የሩቋ ደሴት ሸርጣኖችና የእትዬ እሺ ጆሮ

እትዬ እሺ ብለን ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። ትክክለኛ ስማቸውን በሸርጣን ምርምር ጣቢያችን ውስጥ የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተጠይቆ ነው የሚያስታውሰው። ምንም ብትላቸው መልሳቸው «እሺ» ነው። በሩን ልዝጋው? እሺ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። እሺ። አንድ ጊዜ እኔ «አክስቴ ሞታ ቀብሬ መምጣቴ ነው» ብላቸው ፈገግ ብለው «እሺ» አሉኝና ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። ሌላው ሰው ግን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያለ ትሕትናቸውን ያወድስ ነበር። ቅጽል ስማቸውን እሳቸው አልሰሙትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በእሳቸው ላይ ግን ነገሩ ከተረት ያለፈ ነበር። እትዬ እሺ ጆሯቸው አይሰማም። ዓመት በዓመት እየከዳቸው ሄዶ ከሰው ንግግር የሚደርሳቸው ቁርጥራጩ ብቻ ሆኖ ነበር። ይህን እኛ ያወቅነው በኋላ ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት፤ ሳላውቅ ያኮረፍኩት ኩርፊያ ለእኔ ይበቃኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን የበሽታው ስም ራሱ ስድብ ሲሆን ምን ይደረጋል? አባታቸው በስተርጅና ጆሯቸው ጠፍቶ ነበርና የሰፈር ልጆች «ደንቆሮው መጣ» እያሉ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሏቸው ነበር። ይህ ቃላችን ክፉ ቃል ነው። ያልሰማውንም ያልገባውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ጆሮው የታመመ ሰው አእምሮውም አብሮ ይሰደብበታል። እትዬ እሺ ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ፣ የአባታቸውን እጅ ይዘው ይሄዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ወንድማቸው ቤት ነው፤ ከሳሎኑ ጀርባ፣ አልጋና አንድ ወንበር በምትይዝ ክፍል። የወንድማቸው ሚስት ሥራቸው ፈጽሞ አይገባትም። በመጀመሪያው ቀን «የሸርጣን ልክ እጽፋለሁ» ሲሏት «የሸይጣን?» ብላ ደነገጠች፤ ከዚያ ወዲያ ለጎረቤት ሁሉ «እህታችን ከሸይጣን ጋር ነው የምትውለው» እያለች ትቀልድባቸዋለች። ራት ላይ ወንድማቸው ሁለቴ ጠርቷቸው ዝም ካሉ «ደንቁረሻል እንዴ?» ይላል፣ ማንም ወንድም እንደሚለው፣ ክፋት አስቦ አይደለም። እሳቸው ይስቁና ሰሐናቸውን ይዘው ይነሳሉ። በዚያ ቤት ሸክም ሳይሆኑ የኖሩት በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ የሚቀራቸው ያቺ ክፍልና ያ ቃል ነው።

ጣቢያችን ከወደቡ ጫፍ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ግራና ቀኙ የሲሚንቶ ገንዳ፣ መካከሉ የብረት ጠረጴዛ፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ በረኪናና ጨው ይሸታል። የእኔ ሥራ ገንዳ ማጠብና የሚመጡትን ሸርጣኖች ከጭቃቸው ማጽዳት ነው። ሸርጣኖቹ የሚመጡት ከሦስት ደሴቶች ነው። ዘራቸው አንድ ነው፤ ባሕሩ ለየብቻ ስላሳደጋቸው ግን መልካቸው ተለያይቷል፤ በሦስት ቤት ያደጉ ያንድ እናት ልጆች በሏቸው። የቅርቧ ደሴት ሸርጣን ጀርባው ሰፊ፣ ቀለሙ አመድማ፣ ጠባዩም ገራም ነው። የመካከለኛዋ አነስ ይላል፤ በጀርባው ጠርዝ ያሉት እሾሆች ግን እንደ ወስፌ የረዘሙ ናቸው፣ ስንት ጓንት ቀደውብኛል። የሩቋ በስፋቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ጠቆር ያለ፣ እሾኹ አጭር፣ መቆንጠጫው ወፍራም። አንዴ የያዘውን አይለቅም፣ አማቴን ይመስላል። ቢሆንም ከሦስቱ የምወደው እሱን ነው።

ለኪው ሸርጣኑን ከገንዳ አንስቶ ጀርባውን ካሊፐር በሚባለው የመለኪያ ብረት ግራና ቀኝ ቆንጠጥ ያደርግና ስፋቱን በሚሊሜትር ይጠራል። እትዬ እሺ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጽፋሉ። የተለካው ሸርጣን በመጣበት ጀልባ ወደ ደሴቱ ይመለሳል።

ለብዙ ዓመት ለኪያችን ጋሼ ጡሩምባ ነበሩ። ድምፃቸው ከአዳራሹ አልፎ ወደቡ ዳር ይሰማል፣ ሲናገሩ አፋቸው ወለል ብሎ ይከፈታል። እትዬ እሺ ከጆሯቸው በቀረው ላይ የጋሼን ከንፈር እየጨመሩ አንድ ቁጥር ሳይስቱ ኖሩ። ደግሞ ጋሼ የሚሉት «ስድሳ» ነበር። ይህን ቁጥር ገሚሱ ሰው ስድሳ ይለዋል፣ ገሚሱ ስልሳ፤ ልዩነቱን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ጋሼ ጡረታ ወጡና አዲስ ለኪ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁም ፈጣን ነው፣ ግን የገንዳው ሽታ ያቅለሸልሸዋል። ሸርጣን ለመለካት ተቀጥሮ የሸርጣን ሽታ መጥላት ምን የሚሉት እንደሆነ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ፣ አቀርቅሮ፣ በለሆሳስ ይጠራል። እትዬ እሺ ዓይናቸው ከማስኩ አይነቀልም ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ፈት ምላሴን ይዤ «እትዬ፣ ልጁ ልብዎን ወሰደው እንዴ?» እላቸዋለሁ። «እሺ» ይሉኛል።

ያ ወር ለእሳቸው ሲኦል ነበር። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጠዋት የአዳራሹን በር ከመክፈታቸው በፊት ደጁ ላይ ቆመው ይጸልዩ ነበር። «ድገምልኝ» ማለት ይችሉ ነበር። ግን ዛሬ ያለ ሰው ነገም ይላል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ የደረሳቸውን ድምፅ ይዘው ይጽፋሉ። የቅርቧ ደሴት ሸርጣኖች ሰባና ከሰባ በላይ ናቸው፤ ሰባ ይለያል። የመካከለኛዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ሃምሳም ይለያል። የሩቋ ግን ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ ሰባት ነው። በማስክ ውስጥ ያለፈ ስልሳ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ሠላሳ ሆነ። የልጁን እጅ ቢያዩ ኖሮ የሠላሳ ሚሊ ሸርጣን ምን ያህል እንደሆነ ያውቁታል። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት አፉ ያለበትን ቦታ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተሯ ያን ወር ውጭ ከርማ ስትመለስ ቁጥሩን አየችና ደነገጠች። ዓሣ አጥማጆቹም በዚያ ሰሞን «የሩቋ ሸርጣን ሳስቷል» እያሉ ያማርሩ ነበርና ቁጥሩ ለወሬው ምስክር ሆነ። ለእኛ የነገረችን በአጭሩ ነው። የሩቋ ደሴት ሸርጣን ኮስምኗል፣ ዘሩ ካልታደሰ አልቆለታል፣ ከቅርቧ ደሴት ሰፋፊዎቹን ወስደን እዚያ እንለቃለን አለች። ሁለቱ ይዋለዳሉ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ጥቁሩ፣ ባለ ወፍራም መቆንጠጫው በመልኩ አይገኝም። ይህንንም አልደበቀችም፤ «ጨርሶ ከሚጠፋ ቢደባለቅ ይሻላል» አለች። ከቅርቧ እንደሚያንስ እኔም ለኪውም በዓይናችን አይተናል፤ ወረቀቱ በስንት እንደሚያሳንሰው ግን ያየን የለም። አጨበጨብን እንኳ።

በጭነቱ ቀን ማለዳ ሁላችንም ወደቡ ዳር ነበርን። ሣጥኖቹ እርጥብ ጆንያ ለብሰው ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው ይንኮሻኮሻል። የጀልባው ሞተር ተነስቷል። ካፒቴኑ ማዕበል ሳይነሳ እንውጣ እያለ ይነጫነጫል። ለኪው ዘግይቶ ሮጦ ደረሰ፤ ከገንዳው ሽታ ርቋልና ማስክ አላደረገም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስልሳ ቁጥር ጥላኝ ሄዳ ነው» አለ።

እትዬ እሺ አጠገቤ ቆመው ነበር። ልጁ ቁጥር ሲጠራ ከንፈሩን መጀመሪያ ያዩት ያን ጊዜ ነው፤ ያነበቡትም ሠላሳ ነው። ወደ ወደቡ የሚመጣው አውቶቡስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሳፈሩበት ስድሳ ቁጥር።

«በስንት ቁጥር?» አሉት።

እትዬ እሺ ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«በስልሳ።»

«በስድሳ?»

«አዎ፤ ስልሳ፣ ስድሳ፣ ያው አይደል እንዴ እትዬ?» ብሎ ሳቀና ሣጥን ሊያነሳ ሄደ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምነው እትዬ?» ብላቸው እሺ እንኳ አላሉኝም፣ ወደ አዳራሹ ገቡ። ተከተልኳቸው። ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥተው ጣታቸውን ቁልቁል ያስኬዳሉ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ሰባት። የራሳቸው ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የሩቋ ሸርጣን ጡጫሽ ውስጥ ይደበቃል?»

«ጣቴን ሊቆርጠው? መዳፌን ይሞላዋል እንጂ ምን ይደበቃል» አልኳቸው። አልሰሙኝም። መዳፌን ዘርግቼ በጣቴ ዙሪያውን ሳሳያቸው ገባቸው፣ ለእኔም ያኔ ገባኝ። እነዚያ እሺዎች ሁሉ ተሰልፈው መጡብኝ፤ በሩ፣ ዝናቡ፣ አክስቴ።

ልሮጥና ዶክተሯን ልጥራት ብዬ እግሬን ሳነሳ ክንዴን ያዙኝ። ውጭ ካፒቴኑ ይጮኻል፣ ሣጥን ከሣጥን ላይ ሲጫን ይሰማኛል። የሚሰማው ለእኔ ነው፤ እሳቸው የሚያዩት በመስኮቱ ነው፣ ከወደቡ ዳር አንድ በአንድ የሚቀንሱትን ሣጥኖች። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም። ሸርጣን ሰው አይከስም። ከሞት የሚከፋ ቃል ውጭ ቆሞ እየጠበቃቸው ነበርና ዝም ቢሉ እኔ ባልፈረድኩባቸው። ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ባሕር ውስጥ የተለቀቀ ሸርጣን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

የቀረው አንድ ሣጥን ነበር። ሄደው ቁጭ አሉበት።

«እትዬ፣ ይነሱ እንጂ፣ ጀልባው ሊሄድ ነው» አለች ዶክተሯ።

«እምቢ» አሉ።

ካፒቴኑ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ለኪው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ያን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በዚያ ወደብ ላይ አልነበረም።

«የጻፍኩት ስህተት ነው» አሉ። «የሩቋ ሸርጣን ስድሳ ነው። እኔ ሠላሳ ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«ያን ሁሉ? እንዴት ተደርጎ?»

እትዬ እሺ ሁለት እጃቸውን በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ጫኑ።

«ደንቆሮ ነኝ» አሉ። «አልሰማም። ዓመታት ሆነኝ።»

የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ጮክ ብለው ነበር የተናገሩት። ጫኞቹም፣ መረብ የሚጠግኑትም ዞር ብለው አዩ። በእሳቸው ቦታ እኔ አፈርኩ፣ በማፈሬም መልሼ አፈርኩ።

ዶክተሯ ለኪውን «ስልሳ ነበር የምትለው?» አለችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሷ በዚያ ቁጥር ሪፖርት ጽፋ፣ ፈቃድ አውጥታ፣ በስሟ ፈርማ ነበር። ፊቷ ቀላ። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ባሕሩ ዞረችና በጥርሷ መካከል ተናገረች።

«ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ እንዳላይሽ። ዕቃሽን ሰብስቢና ቤትሽ ግቢ።»

አንቺ ብላ። እናቷ ሊሆኑ የሚችሉትን ሴት አንቺ ብላ። ደሜ ፈላ፣ አፌን ልከፍት ነበር።

እትዬ እሺ ግን የሚያዩት ጀርባዋን ነው። የተናገረች መሆኗን ያወቁት ከትከሻዋ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን «እሺ» ብለው ይሄዱ ነበር። ያን ቀን ከሣጥኑ ተነስተው፣ ዞረው ሄደው ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አልሰማሁም፣ ዶክተር» አሉ። «ይድገሙልኝ።»

ክፉ ቃል በንዴት አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ከንፈርህን እየጠበቀ ላለ ሰው ዓይኑን እያየህ መድገም ግን ሌላ ነገር ነው። ዶክተሯ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። እሳቸው ይጠብቃሉ። እንደገና ስትጀምር ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ቃል በቃል፣ አፏን ከፈት አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ሣጥኖቹ ይውረዱ። የሩቋን ደሴት እንደ አዲስ እንለካለን። ከነገ ጀምሮ እርስዎ ይለኩ፣ እሱ ይጻፍ።»

እትዬ እሺ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«እሺ» አሉ።

አሁን ካሊፐሩ በእሳቸው እጅ ነው። «ስድሳ ሦስት» ሲሉ ወደቡ ዳር ይሰማል፤ ጋሼ ጡሩምባ ቢሰሙ ይቀናሉ። ልጁ ማስኩን እንዳደረገ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ይጽፋል፣ ይጽፍና ወረቀቱን አዙሮ ያሳያቸዋል። የሩቋ ደሴት ሸርጣንም እንደ ጥንቱ ጥቁርና ክፉ ነው፣ ባለፈው ሳምንት አውራ ጣቴን ይዞ አልለቅም ብሎኝ ነበር። ዶክተሯ መጀመሪያ ያለችውን እትዬ እስከ ዛሬ አልሰሙትም። እኔም አልደገምኩላቸውም።