የአዴ ሩቂያ አስር ሊትር

ባለፈው ሳምንት አዳማ ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን አይስክሬም ፍሪጅ ውስጥ ላስገባ ስል፣ አዲሱን መነጽሬን ለመሞከር ያህል የዕቃውን ጎን አነበብኩ፤ «አንድ ሊትር፣ አምስት መቶ ግራም» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ዕቃውን እንደታቀፍኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ጣቴ እስኪደነዝዝ ሳልነሳ ቆየሁ።

ልጅ ሆኜ ጭሮ ውስጥ፣ ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን አዴ ሩቂያ የምትባል ሴት ነበረች። እናቴ «አንቱ በያት፣ ባለጌ» እያለች ብትቆነጥጠኝም፣ እሷ ራሷ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያዳቀለች ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ስለምትል፣ እኔም አንቺ እንዳልኳት ቀረሁ። ባሏ ሲሞት የተረፋት አንድ ፍሪዘር ነበር፤ ወተቱን ከስኳርና ከሄል ጋር አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ክንዷ እስኪዝል እየመታች አይስክሬም ትሠራበታለች። ሲመታ ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥር ይለሰልሳል፣ ምላስ ላይ ሳይቆይ ይጠፋል፤ የበደሳ መንገደኞች ሳይቀሩ መኪና አስቁመው ይበሉላት ነበር። የምትሸጠው በብርጭቆ ነው፤ ከአፉ በላይ ቆልላ ስለምትሰጥ በሰፈራችን «የሩቂያ እጅ» ማለት ቸርነት ማለት ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ዩያ የሚባሉ የሂርና ጫት ነጋዴ ለልጃቸው ሰርግ አስር ኪሎ አይስክሬም አዘዙ። ለእሳቸው በዚህ ዓለም ያለ ነገር ሁሉ የሚታወቀው በኪሎ ነው፤ አዴ ሩቂያ ደግሞ ከብርጭቆና ከሊትር ጆግ ሌላ መለኪያ አልነበራትም። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንድ ኪሎ በዚህ ጆግ ስንት ይሆናል?» ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አንደኛም እወጣ ነበር፣ ያ ኩራቴ ገደል ይግባ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። መምህራችን ይህን ያሉት ስለ ውሃ ነበር፤ ውሃ የምትለዋን ቃል እኔ ክፍል ጥያት መጥቻለሁ።

አስር ሊትር ሠራች። የሰርግ ነው ብላ ከወትሮው አብልጣ ስለመታችው እንደ ጥጥ ሆነ፤ ባልዲ ውስጥ አድርገን፣ ዙሪያውን በረዶ ጠቅጥቀን በሚኒባስ ሂርና ወሰድነው። ሐጂ ዩያ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ግቢያቸው የገባ ዕቃ ሁሉ ጫት የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሳይወጣ አያልፍም፣ ልማድ ነው። ባልዲው ወጣ፤ የባልዲው ክብደት ተቀንሶ አምስት ኪሎ ሆነ። «አዴ ሩቂያ፣ ግማሹን መንገድ ላይ ማን በላው?» አሉ ፈገግ ብለው፤ ሰርገኛው ሳቀ። «ወላሂ አስር ነው፣ በእጄ ነው የሰፈርኩት» ብላ ማለች፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ያኔ ዞራ አየችኝ። ይቺ ልጅ ናት የነገረችኝ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። አላለችም። እኔም እኔ ነኝ የነገርኳት አላልኩም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጭሮ ገባ። በሳምንቱ የሰፈሩ ልጆች «ሩቂያ ግማሽ» ይሏት ጀመር፤ እስከ ላይ ብትቆልልም ሰው ብርጭቆውን አገላብጦ የሚያይ ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ ፍሪዘሩን ሸጠችው። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሰላም ስላት ትመልስልኛለች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውጤቴን ትጠይቀኛለች፤ ስለዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። እኔ ለብዙ ዘመን ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ስጽናና ኖርኩ፤ ሲብስብኝም፣ ማን ያውቃል፣ አጉድላ ይሆናል ብያለሁ። እሷ እኔን ላለማሳፈር ስሟን ሰጠች፣ እኔ ጠረጠርኳት። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

ሲመታ የሚገባው አየር መሆኑን ለማወቅ ይህን ያህል ዕድሜ ፈጀብኝ። አሳምራ በሠራችው መጠን ነው የቀለለባት። ልንገራት ብል የለችም፤ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ ልጅም አልተረፋት። በሰርጉ ቀን እዚያ ግቢ ከነበሩት የማውቃቸው ሐጂ ዩያ ብቻ ናቸው፤ በሕይወት መኖራቸውን ስሰማ ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። ኪሎና ሊትሩን፣ ውሃውንና አየሩን አስረዳኋቸው፤ አዴ ሩቂያ ንጹሕ ናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ሰርጉንስ አስታውሳለሁ፤ እንዲያ ያለ አይስክሬምም ከዚያ ወዲህ ቀምሼ አላውቅ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሩቂያ ግን የቷ ናት ልጄ?» አሉኝ።