ሰፋ አድርጎ መሳሳት

«የቦይለሩን ፕሮግራም የሚያቆመውን አንድ ቁጥር ብቻ አሳየኝ!» አሉኝ የጨርቅ ማቅለሚያው ባለቤት፣ የሟች አጎቴን ጠረጴዛ በሁለት እጃቸው ተደግፈው።

ቁጥሩ የለኝም። አጎቴም አልነበራቸውም። የሰው ፕሮግራም ሲመረምሩ ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ በእርሳስ ነበር። የእያንዳንዱን ቁጥር ልክ ትተው፣ ከየት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ብቻ ከጎኑ ይጽፋሉ፤ ሲጠራጠሩ ያሰፉታል። «ይሄ እኮ መቼም አይደርስም» ስላቸው፣ «ሰፋ አድርጌ ልሳሳት ልጄ፤ አጥብቤ ከተሳሳትኩ ሰው ይጎዳል» ይሉኝ ነበር።

በእኚህ ሰውዬ ፕሮግራምም ሁለቱ የሙቀት መለኪያዎች እኩል ሊያነቡ እንደሚችሉ አዩ። እኩል ካነበቡ ልዩነታቸው ዜሮ ስለሚሆን ፕሮግራሙ በዜሮ ሊያካፍል ሞክሮ ይቆማል፤ የማቅለሚያውን ውሃ የሚያፈላው ቦይለር ግን መጋሉን አያቆምም። ባለቤቱን ሳያሳምኑ አረፉ።

«መለኪያዎቹ እኩል አንብበው ያውቃሉ?» አሉኝ ባለቤቱ።

«አያውቁም ጋሼ። ግን አይሆንም ማለት አልቻልንም።»

«ለአጎትህም ሁሉ ነገር 'ሊሆን ይችላል' ነበር። ነፍስ ይማር፣ ፈሪ ነበሩ። ፕሮግራሙን የሸጠልኝ ሰው እስኪያርመው ልጠብቅ? የሚቀለመውን ጨርቅ የጫነው መኪና ነገ ከሞጆ ይመጣል!»

«እህቴ ቦይለሩ አጠገብ ነው የምትሠራው።»

ፕሮግራሙ ያለበትን ፍላሽ ከጠረጴዛው አነሱ። «እንግዲያው ነገ እንዳትመጣ ንገራት።»

«ሌሎቹስ ሴቶች?»

ልማዴ ሆኖ ወደ አጎቴ ወንበር ዞርኩ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ሰውየው ፍላሹን ኪሳቸው ከተው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።