የልጄ ጋሪ

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ለዕረፍት ዛንዚባር ልንሄድ ስንል፣ የልጃችን የሚገፋ ጋሪ ይሂድ አይሂድ በሚል ከባሌ ጋር ተጨቃጨቅን።

«የደብረ ብርሃን የፈረስ ጋሪ አንሶሽ ነው በአውሮፕላን ጋሪ የምትጭኚው? አዝለሽው ሂጂ!» አለኝ።

አክስቱ ይዳኙን አልን። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ልጅ በአንቀልባ ያሳደጉ ሰው ናቸውና ተረታሁ አልኩ በሆዴ። እሳቸው ግን ጋሪውን ወዲያ ወዲህ እየገፉ ቆዩ።

«ፊት ለፊትሽ እያየሽው ነው የምትሄጂው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ውሰጂው፣ ልጄ። ስንሸሽ እኔ የልጅ ልጄን አዝዬ ነበር። ዝም ሲል ተኛልኝ ብዬ፣ እንዳይነቃ እየተጠነቀቅሁ ስሄድ ዋልኩ። ሳወርደው ቀዝቅዟል።»